አንድ ነፍስ ያለው ነገር

[ግማሹ ከመሬት በታች የሆነ ክፍል። በጠባቧ መስኮት የአላፊ አግዳሚው ጫማ እንጂ ፀሐይ አይታይም። የጎረቤቱ ዳቦ ቤት ምድጃ በግድግዳው በኩል አየሩን አድርቆታል። መደርደሪያው ላይ ሙታን አበቦች በየሸክላቸው ተኮልኩለዋል። ሰፈርተኛው «ሊቁ» የሚለው ጡረተኛ የመጋዘን ኃላፊ የአትክልት ማጠጫ ጨብጦ ቆሟል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቁም ሣጥኑን ተደግፎ ያዛጋል።]

ሊቁ፦ ጽጌረዳ አልኩ፤ ጽጌረዳ! ክርክሩ ተዘግቷል።

አማች፦ ጋሼ፣ ያለፈችው ጽጌረዳ እኮ ሳምንት አልቆየችም። ሻጩ «ጨለማና ድርቀት የሚችል፣ ውሃ የማያበዛ ውሰድ» ነው ያለኝ።

ሊቁ፦ ሻጭ ምን ያውቃል? ተክል ማለት ሥርዓት ነው! ጠዋት ውሃ፣ ቀትር ውሃ፣ ማታ ውሃ፤ በመካከሉ ምክር።

አማች፦ እሱንም ነግሬዋለሁ። «የፊተኞቹ በምን ሞቱ?» ሲለኝ «በእንክብካቤ» አልኩት።

ሊቁ፦ አዋረድከኝ!

አማች፦ ኧረ እንዲያውም አዘነ። «ነፍስ ይማር» አለ።

ሊቁ፦ የማትረባ! እህትህ አሁን ትደርሳለች። ሻንጣዋን አንሥታ ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ ምን ብላኝ እንደወጣች ዘነጋኸው?

አማች፦ «እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ነፍስ ያለው ነገር ካቆየህ እመለሳለሁ» ነዋ። እኔማ እኔን መስሎኝ ነበር። ለዚህ ብዬ እኮ ነው ምሳዬን ሳላስታጉል የምበላው።

ሊቁ፦ ተክል ማለቷ ነው፣ አንተ ግንድ! [አንዱን ሸክላ አንሥቶ ጆሮውን ይለጥፍበታል።] ቆይ... ይቺ ትተነፍሳለች!

አማች፦ ውስጧ ያለው ውሃ ነው የሚንቦጫረቀው፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ እንግዲያው ራሴ ሄጄ እገዛለሁ። ባርኔጣዬን አቀብለኝ! ከቁም ሣጥኑ ኋላ ነው፤ እዚያ አንተ ያመጣኸው የፕላስቲክ ጉድ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አማች፦ [አንገቱን ወደ ኋላ አስግጎ] ጋሼ፣ ፕላስቲክ ይወልዳል እንዴ?

ሊቁ፦ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አይወልድም!

አማች፦ ይኼኛው ግን ወልዷል።

[ባርኔጣና ሁለት ካልሲ የተሰቀሉበት፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ያለ ተክል ጎትቶ ያወጣል። ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ሸክላውን ሰንጥቆ ብቅ ብሏል።]

ሊቁ፦ ፕላስቲክ ነው ብለኸኝ የለም?

አማች፦ እርስዎ ነዎት ያሉት። ገና ወረቀቱን ሳልፈታው «በመጀመሪያ እይታ ፕላስቲክ ነው» ብለው ፈረዱ። እኔ ደግሞ እርስዎን ማረም ስለማይሆንልኝ ዝም አልኩ።

ሊቁ፦ ጠብታ ውሃ እንኳ ሰጥቼው አላውቅም እኮ!

አማች፦ እኔ አንዳንዴ ብርጭቆ ውስጥ የተረፈኝን ደፍቼበታለሁ። ማጠቢያው ድረስ መሄድ ይሰለቸኛል።

ሊቁ፦ [ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ማጠጫውን ከፍ አድርጎ] የእኔ ልጅ! በጨለማ ብቻህን አሳደግሁህ! ና፣ ጠጣ!

አማች፦ [ሸክላውን አቅፎ ይሸሻል።] ጋሼ፣ በእህቴ ይዤዎታለሁ! አይንከባከቡት!

[በሩ ይንኳኳል። ሁለቱም ባሉበት ይደርቃሉ።]

ሊቁ፦ መጣች! ምን ልበላት? ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። መግቢያ አለው፣ ሐተታ አለው...

አማች፦ ለዚህ ተክል ምን ብለውት ነው እንዲህ የለመለመው?

ሊቁ፦ ምንም! አንዲት ቃል ተናግሬው አላውቅም!

አማች፦ [ወደ በሩ እየሄደ] በሉ፣ እሱኑ ይድገሙላት።