የመምህር ዳኛው ዝምተኛ ተናጋሪዎች

ከመምህር ሁሉ አስቸጋሪው፣ ድርሰቱን ብቻ ሳይሆን ተማሪውን ራሱን ላርም ብሎ የተነሣው ነው። በየአገሩ አንድ አይጠፋም። እዚህ እስራኤል፣ የፔታህ ቲክቫ ከተማው የአንደበት ሊቀ ሊቃውንት፣ የአንቀጽ ባላባት፣ ክቡር መምህር ዳኛው ነበሩ።

ከጎንደር በመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የከተማው ኮሌጅ ውስጥ መሰናዶ፣ እዚህ መኺና የሚሉትን፣ እንማር ነበር። የእሳቸው ትምህርት በወረቀት ላይ ጽሕፈትና ንግግር ይባላል። እሳቸው ግን መሪነት ይሉታል። «ሐሳቡን ባንድ አንቀጽ ማስተካከል ያቃተው ሰው ቤቱን አያስተዳድርም!»

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አትክልት ሻጩ ሞሼ «ምርጥ ቲማቲም!» ብሎ ሲጮህ አስቆሙት።

«ማስረጃህ የታል?»

ሞሼ አንዷን አንሥቶ ወረወረላቸው። «ቅመስና እመን! ያላ፣ ቶሎ በል!»

ሳይቀምሱ ክፍል ይዘዋት መጡና ሰዓቱን ሙሉ ስለ እሷ አስተማሩ። «አያችሁ? ሞሼ አልተከራከረም፤ አቀረበ!» ሲጨርሱ ቲማቲሟ እጃቸው ላይ ለስልሳ ነበር።

ቀን ፋብሪካ የሚውለው የክፍላችን ልጅ ፈለቀ ስለ ራስህ ጻፍ ቢባል «ሰው አገሩን ሲለቅ ይከፋዋል ይባላል» ብሎ አመጣ።

«ማነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ፣ መምህር።»

«ማነውስ የከፋው?»

ፈለቀ መሬት መሬቱን አየ። እኛ ዘንድ «እኔ፣ እኔ» የሚል ሰው ያልተቀጣ ይባላል። ከብዙ ሳምንት በኋላ «እኔ ከፍቶኛል» ብሎ ሲያነብ ማንም አልሳቀም። መምህር ዳኛው ብቻ መነጽራቸውን መወልወል አበዙ።

እኔ የተማርኩት ግጥም ነው፤ ቤት መምታት አያቅተኝም። የእኔን አንብበው «ቆንጆ ነው ልጄ። ጨረቃዋ አለች፣ ወንዙም አለ። አንቺ የት ሄደሽ ነው?» አሉኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። አላወቁም፤ ድሮም ድምፄ አይሰማም።

ከትምህርታቸው ሁሉ አጥብቀው የሚይዙት ግን አንድ ነበር፦ «መሪ መጨረሻ ይናገራል። መጀመሪያ ይሰማል።»

ከፋሲካ በኋላ ትምህርቱ መጥቀሙን የሚያጣራ ኃላፊ እንደሚመጣ ሰማን። ተማሪዎቹ ካልመሰከሩ ይዘጋል ተባለ። ከእኛው መካከል የራማት ቬርበር ሰፈሯ ደባሽ እንድትናገር መረጥናት። ኃላፊው በመጣ ቀን ተዘጋጅታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ መጣች።

መምህር ዳኛው ግን ገብተው ከፊት ተቀመጡ። ታላቅ ባለበት ታናሽ ቀድሞ አፉን አይከፍትም፤ እሳቸው ደግሞ በዕድሜም አባታችን ናቸው። ደባሽ ተነሥታ ቆመች፤ እሳቸው አንድ ቃል ጣል አድርገው እስኪያስጀምሯት ጠበቀች። እሳቸውም ያስተማሩትን ሊፈጽሙ ከንፈራቸውን ገጥመው ጠበቁ።

«የሚናገር የለም?» አለ ኃላፊው።

እኛ እሳቸውን አየን። እሳቸው እኛን አዩ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

«በሰደር፣ ይሁን» አለና ቦርሳውን ዘጋ። የንግግር ትምህርታችንም የሚናገር ጠፍቶ ተዘጋ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ደባሽ ድንገት ጀመረች።

«መምህር፣ ድሮ ሐኪም ቤት ስሄድ የሚያመኝን የሚናገርልኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር። እሱም ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ። አሁን ለሐኪሙም ለአማቴም እኔው ነኝ የምናገረው። አማቴ ግን ትምህርቱን አልወደዱትም።»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«ይህን እዚያ ውስጥ ለምን አላልሽም?»

«እርስዎ ተቀምጠው? እንዴት ልቅደም?»

«እኔ እኮ አንቺን ስጠብቅ ነበር» አሉ በቀስታ።

አውቶቡሱ መጣ። እንዲገቡ መንገድ ለቀቅንላቸው። እሳቸው «እናንተ ቅደሙ» ብለው በእጃቸው አሳዩን። እኛ «ኧረ በሞቴ!» አልን። ሾፌሩ ጥቂት አየንና በሩን ዘግቶ ሄደ።

እስከ ሰፈራቸው እስከ ክፋር ጋኒም በእግራችን ሸኘናቸው። ሰው መንገዱ ሩቅ ነው ይላል፤ እኔ ግን አጠረብኝ።