ጋሽ ዋት እና የሙሽራዋ ቀሚስ

ጀርባ አንባቢ የሌለበት ቤተሰብ እስካሁን አላየሁም። ሌላው ሰው ዕቃ ሲገዛ ቀለሙን ያያል፣ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፣ ዋጋውን ሰምቶ ይደነግጣል። ጀርባ አንባቢ ግን ዕቃውን ከእጅዎ ይቀበልና ይገለብጠዋል፤ መነጽሩን ያወርዳል፤ ማንም አንብቦት የማያውቀውን ያንን ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ ሳይጨርስ አይመልስልዎትም። የኛ ቤት ጀርባ አንባቢ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ስማቸውን ለመታወቂያቸው ትተንላቸው እኛ ጋሽ ዋት እንላቸዋለን። ከ«እንደምን አደራችሁ» ቀጥሎ በሕይወታቸው አብዝተው የተናገሩት «ስንት ዋት ነው?» የሚለውን ነውና።

ክቡር ጋሽ ዋት የዳቦ መኪና ሹፌር ናቸው። ከመቀመጫቸው ጎን የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን አለቻቸው። ኢንቨርተር ትባላለች፤ የመኪናውን ባትሪ ኃይል ወደ ቤት መብራት ትቀይራለች። አቅሟ ሦስት መቶ ዋት ነው፤ ይህን ቁጥር ከልጆቻቸው የልደት ቀን አስበልጠው ያስታውሱታል። ገመዷ ከነፊውዙ በቀጥታ ባትሪው ላይ ታስሯል። በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ለምን አትሰኳትም ያለ ሰው ከሰዓት በኋላውን ለሌላ ጉዳይ አያስብ። ሳጥኗ የምትነሳው ደግሞ በሥርዓት ነው፤ «መጀመሪያ ሞተር፣ ቀጥሎ ሳጥን፣ በመጨረሻ ዕቃ!» ሲዘጋ ከኋላ ወደ ፊት ነው። ሥርዓቱን ያፋለሰ ሰው ዘመድም ቢሆን ከመኪናው ይወርዳል።

አንድ እሑድ ሐይቅ ዳር ልንዝናና ስንሄድ ታናሽ እኅታቸው፣ አክስቴ፣ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ጋሽ ዋት ገለበጡት።

«ሁለት ሺህ ዋት» አሉ፣ ክፉ በሽታ እንዳገኘ ሐኪም። «እኅቴ፣ ሻይ ነው ያማረሽ ወይስ መኪናዬን መቀቀል?»

አክስቴ እስኪመሽ አኮረፈች። ይባስ ብሎ እሳቸውን ዛፍ ሥር ሸለብ ሲያደርጋቸው ወንድሜ ሞተሩን አጠፋና ድምፅ ማጉያውን ሰካ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጨፈርን፤ ባትሪው አለቀ። አሥራ አንድ ሰው ሆነን መኪናውን ስንገፋ ጋሽ ዋት መሪውን ይዘው፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ስለ ባትሪ አስተማሩን። ትንፋሽ የተረፈው ሰው ስላልነበረ ማንም አላቋረጣቸውም።

ጉዱ የመጣው ግን እኔ ያገባሁ ዕለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሴን የለካችው ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርጌ ነበር። በዋዜማው መስታወት ፊት ከሙሽራው ጋር ስንቆም የእሱ ቁመት ጆሮዬ ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ በእግሩ ጣቶች ቆመ። አንጀቴን በላውና ጠፍጣፋ ጫማ አደርጋለሁ አልኩ። ያኔ ቀሚሱ አራት ጣት ተርፎ ወለል ይጠርግ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ «ምን ችግር አለው፣ ጠዋት አሳጥረዋለሁ» አለች። ጠዋት ማሽኗን ተሸክማ መጣች፣ ሶኬቱ ላይ ሰካች፣ መብራት ጠፋ። የሰፈሩ በሙሉ።

«በእጅሽ ስፊው!» አለች እናቴ።

«እትዬ፣ ዙሪያው ስምንት ሜትር ነው። በእጄ ከሰፋሁት ልጅዎን የሚድሩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ሥነ ሥርዓቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እናቴ ራሷን ይዛ ተቀመጠች፤ እኔም አለቀስኩ። ጋሽ ዋት በአዲስ ሙሉ ልብስ በሩ ላይ ደረሱ። ዕንባዬን አላዩም፤ ያዩት ማሽኑን ነው። ተጠግተው ገለበጡት።

«መቶ ዋት» አሉ ፈገግ ብለው። «ሲነሳ ትንሽ በዛ አድርጎ ኃይል ይስባል፤ ግን ሳጥኔ ትችለዋለች።»

ካፊያ ስለነበር መኪናውን ጋራዥ እናስገባው አልን። «ሞተር እየሠራ? ጢሱ ሙሽራዋን ከነሚዜዎቿ ሊያስተኛልን!» ብለው ግቢው መሀል አቆሙት። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነፋሱን ለኩ፤ ጢሱ ከእኛ እንዲርቅ መኪናውን አዞሩት፤ የጎኑን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ሞተር፣ ሳጥን፣ ዕቃ። ማሽኑ ሲያጉረመርም ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ልብስ ሰፊዋ በዳቦ መደርደሪያዎቹ መካከል ተቀምጣ ትሰፋለች፤ እኔ አንሶላ ተጠቅልዬ ጨርቁን እይዝላታለሁ።

ግማሽ ላይ ስንደርስ ዋናዋ ሚዜ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ መጣችና የፀጉር ማድረቂያዋን ተደብቃ ከሳጥኗ የተዘረጋው ኤክስቴንሽን ላይ ሰካች። ሳጥኗ ጢጥ ብላ ጮኸች፤ ጠፋች። አራት ሜትር ተሰፍቷል፣ አራት ሜትር ይቀራል፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

ይጮኻሉ ብለን ጠበቅን፤ አልጮኹም። ማድረቂያውን ነቅለው ገለበጡትና «ሺህ ሁለት መቶ» ብለው ለሚዜዬ በክብር መለሱላት። ሳጥኗን በባዶ የዳቦ ትሪ ላይ አስቀመጧት። ከሚዜዎቹ አንዷ የወረወረችባትን ሻሽ አነሱላት።

«ትተንፍስ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ሄደ እኮ!» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አሁን ካጣደፍናት ጨርሳ ትሄድብናለች። እኔ አለሁልሽ፤ አታልቅሺ።»

ከኪሳቸው የሰርጌን መጥሪያ ካርድ አወጡና ቁጢጥ ብለው ያራግቡላት ጀመር። አሥር ደቂቃ ቆይተው አንድ በአንድ እንደገና አስነሱ፤ ማሽኑ ሠራ። እሳቸው ግን ማራገቡን እስከ መጨረሻው አላቆሙም። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻውን ክር ስትቆርጥ የሰፈሩ መብራት ቦግ ብሎ መጣ። ጋሽ ዋት ወደ ቤቱ ዞረው እንኳ አላዩም። «ዕቃ፣ ሳጥን፣ ሞተር» እያሉ በሥርዓታቸው ነቃቀሉ።

ሚዜዬ ፀጉሯ እንደረጠበ አጀበችኝ። ቀሚሴ ቀኑን ሙሉ ትኩስ ዳቦ ትኩስ ዳቦ ይሸት ነበር፤ ባሌ ቃል ኪዳን ልንገባ ስንል ጆሮዬ ሥር «በጣም ነው የራበኝ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ስድስት መቶ ፎቶዎች ውስጥ አሳድጌ ሳሎን የሰቀልኩት አንዱን ብቻ ነው፤ በአዲስ ሙሉ ልብስ ቁጢጥ ያሉ ሰውዬ፣ የሰርግ መጥሪያ፣ አንዲት ሳጥን። ባሌ «ሙሽራው የት አለ?» እያለ ያማርራል። ሙሽራዋስ መቼ አለች? ጥግ ላይ የቀሚሷ ጫፍ ብቻ ነው ያለው። እኔ ግን እነዚያን እጆች ባየሁ ቁጥር እኚህን ሰው እንዴት እንደምወዳቸው ትዝ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ሊጠይቁን መጡ። ፎቶው ፊት ብዙ ቆሙ፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ቀና ሲሉ ከፎቶው በላይ ያበራኋትን ትንሽ አምፖል አዩ። መነጽራቸውን አወረዱ፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«አምስት ዋት ነው፣ ጋሼ። ስገዛት ጀርባዋን አንብቤያለሁ።»