«የታወቀ ነው» ባዩ አዛናው

በአገራችን መንገድ ጠይቆ «አላውቅም» የተባለ መንገደኛ ካለ እጁን ያውጣ። የለም! የተጠየቀው ሰው የቦታውን ስም በሕይወቱ ሰምቶት ባያውቅ እንኳ አገጩን ወደ አንድ ጋራ ቀስሮ «እዛች ናት፣ ትንሽ ነው የቀረህ» ይላል። ክፋት አይደለም። እንግዳ ባዶውን እንዳይሄድ ማሰብ ነው። ይህ አመል ሁላችንም ዘንድ ቆንጠር ቆንጠር ተደርጎ አለ፤ ሙሉውን የያዘ ሰው ግን አንድ አውቃለሁ፤ አብሬው ተምሬያለሁ።

ስሙ አዛናው ነው። እኛ ግን «ሊቀ ኵሉ» እንለው ነበር፣ የሁሉ ነገር አለቃ ማለታችን ነው። ለማሾፍ ያወጣነውን ስም ሰምቶ መቆጣት ሲገባው አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር። ሹመቱ ስለ ዘገየበት ብቻ ቅር ያለው ይመስላል።

ጣልያን ጎንደርን በያዘ በዓመቱ መምህራችን የኔታ ገብረማርያም ሠላሳ ተማሪ አስከትለው ወደ ቆላ ወረዱ። ከኮኪት የግማሽ ቀን መንገድ ርቀን፣ በማሽላ ማሳ መሀል ጎጆ ቀልሰን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርታችንን ቀጠልን። በመተማ በኩል የጣልያን ኬላ ነበረ፤ ከኬላው ወዲያ ሱዳን ነው።

የኔታ ከሠላሳው አራት መርጠው ለብቻ ያስተምሩ ነበር። ቀትር ላይ ሌላው ተማሪ በሙቀቱ ተዘርሮ ሲያንቀላፋ አራቱ ከአንድ ትልቅ ሁመር ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። ሁመር ሥር የተቀመጠ እንጨት አይለቅምም፣ ውሃ አይቀዳም፤ ሲጨርስም በየኔታ መስቀል ተመርቆ የራሱን ጉባኤ ተክሎ ማስተማር ይችላል። አዛናው የመጀመሪያው ተመራጭ ነበር። አራተኛው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር አራተኛው ሌላ ሰው ነበር፤ ንዳድ ይዞት ወደ ደጋ ሲመለስ ቦታው ለእኔ ደረሰ። አዛናው ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ ሳያስታውሰኝ አያልፍም።

የሁመር ሥር ሕግ አጭር ነው። የኔታ ይጠይቃሉ። ካወቅህ ትመልሳለህ፣ ከማን እንደ ሰማህም ትናገራለህ። ካላወቅህ «አላውቅም» ብለህ ትነሣና ፈልገህ ትመጣለህ። እኔማ በዚህ ሕግ ስነሣ ስቀመጥ ጉልበቴ ዛለ። አዛናው በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተነሣም። በመጽሐፉ ጉዳይ፣ ሐሰት መናገር አይገባም፣ ያውቅ ነበር። መከራው ከመጽሐፉ ሲወጣ ነው። ከመጽሐፉ ውጭ ያለውንም ሁሉ ያውቀዋላ! ምንም ነገር ብትጠይቁት መልሱ በአንድ ቃል ነው የሚጀምረው፤ «ይኸማ የታወቀ ነው!»

ከደጋ የበግ ለምድ ደበሎውን ለብሶ ነበር የወረደው። ለዚያ አገር ሙቀት ደበሎ! እኛ በሁለተኛው ቀን አውልቀን ጣልን። እሱ «ደበሎ ብርድ ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ይመልሳል፣ የታወቀ ነው» ብሎ ላቡ እየተንቆረቆረ ዋለ። በአራተኛው ቀን ማሳ መሀል ራሱን ስቶ ወደቀ። አንድ ገምቦ ውሃ አፍስሰንበት ሲነቃ ያለው ነገር አይረሳኝም። «አያችሁ? ውሃው ስለ ቀዘቀዘ ነው የመታኝ» አለ።

ሌላ ጊዜ ከኮኪት ገበያ መንገድ እየመራ ሲመልሰን የግማሽ ቀኑ መንገድ ሁለት ቀን ፈጀ። በኋላ ስንወቅሰው ጥፋቱ የመንገዱ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ አስረዳን። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከሐሚድ ጋር ያደረገው ክርክር ነው። ሐሚድ ከአባቱ ጀምሮ በግመል ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ከተማ የሚነግድ፣ ጨውና ጨርቅ የሚያመጣልን ሰው ነው። አዛናው ግመል በቅርብ ካየ ገና ሳምንቱ ነበር፤ ለሐሚድ ስለ ግመል አስተማረው። «ግመል ውሃ የምትጠጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ የታወቀ ነው።» ሐሚድ በትሕትና አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ወላሂ፣ ያ ሼኽ፣ እስቲ ይህን ለእነሱ ንገርልኝ» አለና ወደ ግመሎቹ ጠቆመው። «ውሃ መቅዳቱ ገደለኝ።»

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው።

የሰፈርንበት መሬት የእታለም አገኘሽ ነበር። ማሽላቸውን ከእኛ ጋር ተካፍለው የሚያኖሩን እሳቸው ነበሩ፤ ሁላችንንም በጅምላ «ተሜ» ይሉናል። እንግዳው የሚባለው ባላቸው ከአርበኞች ጋር ወደ አርማጭሆ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወሬው ጠፍቷል። የባላቸው ዘመዶች «ሞቷል፣ ፍትሐት ይፈታ፣ ተዝካር ይውጣ» እያሉ ያስጨንቋቸዋል። እሳቸው ደግሞ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አውጥተው፣ ሰውየው አንድ ቀን በሩ ላይ ቢቆምስ? ያልሞተን ሰው እንደ መቅበር ነው። ባይወጣለትና ሞቶ ቢሆንስ? ነፍሱን ማስረሳት ነው። ሴትዮዋ በሁለቱ መሀል ጸጉራቸውን ሳይሠሩ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከረሙ።

በሰኔ አንድ ቀን አራታችን እሳቸው ቤት ምሳ እየበላን ሳለ፣ እንዲሁ ከጭንቀታቸው ብዛት፣ «እናንተ ተሜዎች፣ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይኸ ሰው ይኖር ይሆን?» አሉ።

ማንም መልስ አልጠበቀም። አዛናው ግን የጎረሰውን ዋጥ አደረገና፣ «እታለም፣ አይስጉ። ሕያው ነው። ገዳሪፍ ነው ያለው። የታወቀ ነው» አለ።

እታለም ወደ ሦስታችን ዞረው ዓይን ዓይናችንን አዩን። እኔ ምን አደረግሁ? ራሴን ነቀነቅሁ። ሁለቱም እንደ እኔ ነቀነቁ። ደስታቸውን እያየን ማን ደፍሮ «ከየት አመጣኸው?» ይበለው? እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ምሳውም ጥሩ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ጸጉራቸውን ተሠሩ። ዘመድ ስለ ተዝካር ሲያነሣ ከቤት አስወጡ። እኛ የማናውቀው ደግሞ ውስጥ ውስጡን ድርቆሽ ያደርቁ ነበር፣ ለመንገድ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ፤ የሁመር ሥር ተማሪዎች የምንመረቅበት ቀን ነው። ተማሪው፣ ባላገሩ ከዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ሐሚድም በማግስቱ ጉዞ ስለ ነበረው ሊሰናበት መጥቶ ዳር ቆሟል። የኔታ መስቀላቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ እታለም አገኘሽ ቀድመው ተንበረከኩ።

«የኔታ፣ እኔን ያስቀድሙኝ። ነገ ከሐሚድ ጋር ገዳሪፍ ልወርድ ነው።»

«በዚያ ኬላ? ምን ልትሠሪ፣ ልጄ? ትናንትና እንኳ ሁለት ሰው ሰላይ ናችሁ ተብለው ተይዘው ቀሩ።»

«እንግዳው እዚያ ነዋ! አዛናው ነግሮኛል።»

የኔታ መስቀሉን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ጉዳዩን ገና መስማታቸው ነበር። «አዛናው፣ ቅረብ» አሉ። «የቀረህ አንድ ጥያቄ ነው። እንግዳው የት ነው?»

«ገዳሪፍ ነው፣ የኔታ። የታወቀ…»

«ከማን ሰማህ?»

አዛናው ወደ እኛ ዞረ። እኔ ቀና ብዬ የሁመሩን ፍሬ ስቆጥር ነበር። ዛሬም ድረስ ያ ዞሮ ማየቱ ያሳፍረኛል። ምርቃቱን ለማግኘት ከልጅነቱ ጀምሮ በየአድባራቱ ተርቦ የዞረ ሰው ነው፤ አንድ የውሸት ስም ቢጠራ ያልፋል። «አንድ ነጋዴ ነገረኝ» ቢል ማን ሄዶ ያጣራል? እታለም ተንበርክከው እንዳሉ አፉን አፉን ያዩታል።

«አላውቅም» አለ።

«ጮክ በል፣ አልሰማችህም።»

«አላውቅም፣ እታለም! ያለበትን አላውቅም። ያን ቀንም አላውቅም ነበር።»

ሴትዮዋ አልጮሁም። ከተንበረከኩበት መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። «ኧረ ምነው ልጄ» አሉ ዝግ ብለው። «ምነው? ጸጉሬን ተሠራሁ እኮ።»

ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። የኔታ መስቀሉን ከጉልበታቸው አነሡና፣ «የመጽሐፉ ምርቃት በእኔ እጅ ነበር። ይኸኛው ግን የእሷ ነው፤ እሷ ስትመርቅህ ትመረቃለህ» አሉት። ከዚያ ሦስታችንን መረቁን። አዎ፣ እኔን ጭምር።

በማግስቱ ጠዋት አዛናው ያን የማይወልቀውን ደበሎ አወለቀ። አጥፎ እታለም ደጃፍ ላይ አስቀመጠው። ሐሚድ አንድ አሮጌ ጀለቢያ ሰጥቶት ነበር፤ ቁመቱ ቅልጥሙ ላይ ቀርቷል።

«እታለም፣ እርስዎ አይሂዱ» አለ ከውጭ ሆኖ። «እኔ ሄጄ ልጠይቅ።»

እታለም በሩን ከውስጥ ዘጉት። ሐሚድ የግመሉን ገመድ አስያዘውና፣ «ያ ሼኽ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ?» አለው። ሁላችንም ያቺን ቃል ጠበቅን።

«አላውቅም» አለ አዛናው።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሐሚድ። «እንግዲያው በሰላም እንገባለን።»

አምስት ወር ቆየ። ተይዟል የሚል ወሬ መጣ፣ ሞቷል የሚልም መጣ። እኔ ያን ጊዜ ተመራቂ ነኝ፤ ታናናሾቼን ሳስቀጽል ልቤ መንገዱ ላይ ነበር። ሁዳዴ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው፣ ከስቶ ጠቁሮ፣ ጀለቢያው ተበጣጥሶ መጣ። ቀጥታ እታለም ደጃፍ ሄዶ ቆመ። ግባ እስኪባል አልገባም።

ቆሞ ነገራቸው። ገዳሪፍ ገበያ ማንን እንደ ጠየቀ፣ በስደተኞቹ ሰፈር ማን ምን እንዳለው፣ በየውሃ ጉድጓዱ፣ በየሕሙማኑ ቤት፣ አንድ በአንድ፣ ከማን እንደ ሰማ እየጠራ። ሁለት እንግዳው የሚባሉ አግኝቷል፤ አንዱ የቋራ ሰው፣ ሌላው የወልቃይት፤ የእሳቸው ግን አንዱም አይደለም። እኛ ዛፍ ሥር የለመድነው ሕግ ነው፤ እንደዚያ ሲሠራበት ግን አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ፣ «እታለም፣ ይኑር ይሙት፣ አላውቅም» አለ።

እታለም ለረጅም ጊዜ እግሩን አዩት። የተሰነጣጠቀ ነበር። «ይህን ለማለት አምስት ወር ተንከራተትህ?»

«አዎ፣ እታለም።»

«በል እንግዲህ፣ ሁለታችንም አናውቅም። ግባና ብላ።» ገብተው ደበሎውን አመጡና በትከሻው ላይ ጣሉለት፤ ወባ ያንቀጠቅጠው ነበር። ከዚያም ትፍ ትፍ እያሉ፣ «አንደበትህን ይባርከው፣ ከክፉ ይሰውርህ» ብለው መረቁት። የኔታ ከኋላችን ቆመው «አሜን» ሲሉ ሰማሁ። እታለም ለዘመዶቻቸውም ከዚያ ወዲያ መልሳቸው አንድ ሆነ፤ እርግጡ እስኪሰማ ተዝካርም አይወጣ፣ ተስፋም አይቆረጥ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ አዛናው ሳንጃ አካባቢ ጉባኤ ተከለ። ባለፈው ዓመት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። አርጅቷል። ግመል ውሃ የምትጠጣው ስንት ጊዜ ነው ብዬ ብነካካው፣ «ሐሚድን ጠይቀው» አለኝ። ተማሪዎቹ ወደ ጎን ወስደው፣ «የኔታ ‹አላውቅም› ያበዛሉ» ብለው አሙልኝ። ሳቄን ዋጥሁት።

ስንት ዘመን ስቀናበት፣ ስስቅበት፣ ስሙን ሳጠፋ ኖሬያለሁ። ራሱን ነቅንቆ የተመረቀው ግን እኔ ነኝ፤ ከማን ሰማህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከአራታችሁ ሁመር ሥር በእውነት የተማረው ማን ነው ብላችሁ አዛናውን ብትጠይቁት «አላውቅም» ይላችኋል። እኔ አውቃለሁ። ከማን ሰማህ ካላችሁኝ ከማንም አልሰማሁም፤ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ።