አፈር የማትሻ እንግዳ

እኛ ጎጃሞች እንግዳ ባለመውደድ አንታማም። የምንታማ ከሆነ የወደድነውን እንግዳ እፎይ ብሎ እንዲቀመጥ ባለመፍቀድ ነው። እንግዳው «ጠገብኩ» ሲል ቃሉን እንደ ጨዋነት እንጂ እንደ እውነት አንቀበለውም። «በሞቴ» እንላለን። አልሰማ ካለ «ስሞት» እንላለን። በመጨረሻም «አፈር ስሆን» ብለን ጉርሻዋን ወደ አፉ እንልካለን። ልብ ብላችሁ ብትቆጥሩት አንድ ሰው ምሳ እስኪበላ ድረስ በአንድ ትሪ ዙሪያ ስንት ጊዜ ሞተን ስንት ጊዜ እንደምንቀበር ትገረማላችሁ። እንግዳው ከዚህ ሁሉ ቀብር በኋላ ሆዱን ይዞ ይወጣል፤ እኛም «ምንም ሳይቀምስ ሄደ» ብለን እናዝናለን።

እንዲህ ባለ አገር የእውነት ምንም የማይበላ እንግዳ ቢመጣ ምን እንደሚደርስበት አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ከቤቴ በረንዳ ተምሬያለሁ።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ የመሬት ጉዳይ በሚታይበት መሥሪያ ቤት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሜትር ይዤ ወሰን ስለካ፣ ለአንድ ትልም ስፋት የተጣሉ ወንድማማቾችን ስገላግል ኖሬአለሁ። ስለዚህ መሬት የማይፈልግ ፍጥረት በዚህ ዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላምንም ነበር። አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከሮብ ገበያ የመስክ ሥራ ስንመለስ ሾፌራችን ድንች ሊገዛ መንገድ ዳር ቆመ። ስድሳን የተሻገሩ፣ በትር የያዙ አንዲት ሴት ከድንቻቸው ክምር አጠገብ ማዳበሪያ ከረጢት ዘርግተው፣ ከረጢቱ ላይ ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አስቀምጠዋል። ወፍራም አረንጓዴ ቅጠል አላት፤ ሥሮቿ አመድማ ናቸው፤ የዛፍ ቅርፊት ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። እትዬ ማንጠግቦሽ ይባላሉ፤ ስማቸውን የሰማሁት ሾፌራችን ደንበኛቸው ስለሆነ ነው።

«ምንድን ናት እትዬ?» አልኳቸው።

«የዛፍ አበባ ናት፣ ወንድም ዓለም። ነጭ ታብባለች። ሲመሽ ሽታዋ ደጁን ይሞላዋል።»

«ምን ትበላለች?»

«ምንም።»

«አፈሯስ?»

«ምን አፈር አላት? ዛፍ ላይ ሰቅለህ ተዋት።»

የነገሩኝን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ «ተዋት» የምትለዋን ብቻ አልሰማሁም። ገዝቻት ገባሁ።

ባለቤቴ ስመኝ ገና ስታያት «መሬት የላትም?» አለች። «የላትም» አልኳት። «ምስኪን» አለች፤ የአበባዪቱ መከራ ከዚያች ቃል ጀመረ። በረንዳው ላይ በሽቦ ሰቀልናት። ጠዋት እኔ ውሃ አጠጣለሁ። ቀን ስመኝ ታጠጣለች። አመሻሽ ላይ «ዛሬ ፀሐዩ ከሮ ነበር» ብዬ እኔ እደግማለሁ። ስመኝ የምስር እጣቢ ትጨምርላታለች፤ ኃይል ይሰጣል ብላ። እኔም ገበሬው ተሰልፎ የሚያጣውን ዩሪያ ከአንድ ወዳጄ አንድ ጭብጥ ለምኜ በተንኩላት። ይህን ሁሉ ተቀብላ አንዲት ቅጠል አልጨመረችም። «አፈር አጥታ ነው» ብለን የዘይት ጀሪካን ቆርጠን፣ ጥቁር አፈርና ፍግ ሞልተን እስከ አንገቷ ቀበርናት። ለሌላው መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ለገዛ እንግዳው አንድ ጀሪካን መሬት መንፈግ አይገባውም አይደል? እጄን ታጥቤ በኩራት አየኋት።

በሁለት ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ሥሮቿን ሳወጣቸው እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት በጣቴ ላይ ተልፈሰፈሱ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔ ጠምጥሜ ከጨረስኩ በኋላ ስልኬን ከፍቼ መማር ጀመርኩ። ስሟ ኦርኪድ እንደሆነ፣ ዛፉን ሳትበላ ላዩ ላይ እንደምትቀመጥ፣ ሥሯ አየር እንደሚፈልግ፣ አፈር እንደሚያፍናት ስልኬ ነገረኝ። ማለት እትዬ ማንጠግቦሽ በአንዲት ቃል የነገሩኝን ስልኬ በአርባ ደቂቃ ቪዲዮ አስረዳኝ። የበሰበሰውን ሥር በምላጭ ቆርጬ ቁስሉ ላይ ቀረፋ ነሰነስኩ። ስመኝ «ቀረፋ ለሻይ ይመስለኝ ነበር» ብላ ዞር አለች፤ ቢሆንም አሮጌ ስቶኪንጓን ሰጥታኝ አበባዪቱን በወይራ ፍልጥ ላይ አሰርኳት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ አንድ ነበር፤ ምንም አለማድረግ። እኔና ስመኝ ተጋብተን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ሠርተን አናውቅም። በረንዳው ላይ ተፋጠን እንውላለን፤ አንዳችን ለሌላው ዘብ ሆንን። አንድ ጠዋት ግን ከአንደኛው ሥር ጫፍ ላይ እንደ ባቄላ እሸት የለመለመ ነጥብ አየሁ። ስመኝን ጠራኋት፤ ልጅ ጥርስ ያበቀለ ይመስል ቆመን አየናት። በዕድሜዬ ልክ የማያምር ደስታ ነው የተደሰትኩት።

በዚያው ሰሞን ቄስ ሞላ መጡ። ቄስ ሞላ የስመኝ የንስሐ አባት ናቸው፤ ደብራቸው በዚያው በሮብ ገበያ መንገድ ገባ ብሎ፣ እሷ የተወለደችበት ቀበሌ ነው። ለዓይናቸው ሕክምና ከተማ ወጥተው ኖሮ ሊባርኩን ጎራ አሉ። በረንዳው ላይ ቀና ብለው አዩና «ይህችን የት አገኛችኋት? እኔ የማውቃት በእኛ ደብር ወይራ ላይ ነው» አሉ። ከዚህ የበለጠ አልተናገሩም። ምሳቸውን በልተው፣ በደንባችን መሠረት ሦስት ጊዜ ሞተንላቸው፣ ሄዱ።

ቃላቸው ግን አልሄደም። እውነትም በእኛ አገር ያረጀ ዛፍ ያየህ እንደሆነ ከሥሩ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሌላው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ታዲያ ከየት ትመጣለች? ስመኝ በሚቀጥለው ሳምንት የማርያም ጽዋ ተረኛ ነበረች። «የታቦት ንብረት በረንዳዬ ላይ ሰቅዬ ጽዋ አላነሳም» አለችኝ።

«አልሰረቅንም፤ ገዛን እንጂ።»

«ከሌባ መግዛትስ?» አለችና አለቀሰች።

ሚስት ስታለቅስ ስለ ሽያጭ ሕግ መከራከር ይቻላል፤ ግን ብዙ አያስኬድም። ቅዳሜ ጠዋት አበባዪቱን አቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለይቅርታ የሚሄድ ሰው ነኝና ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ቀይ ሰረዝ ያለባትን ከረባቴን አስሬአለሁ። ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ደብሩ ስታጠፍ እትዬ ማንጠግቦሽን ድንቻቸው አጠገብ አገኘኋቸው። ያን ጊዜ ያደረግኩትን ብደብቃችሁ ደስ ይለኝ ነበር። በስብሰባ ድምፄ፣ «እርስዎ»ን «አንቺ» አድርጌ፣ «የታቦት ንብረት ትሸጫለሽ?» አልኳቸው፤ መንገደኛው እየሰማ።

«የወደቀውን ነው የማነሣው» አሉ።

«ሌባ ሁሉ እንደዚያ ይላል።»

እሳቸው አጎንብሰው የተናደች ድንች ወደ ክምሯ መለሱ። አበባዪቱን በውሃና በፍግ ልገድላት የነበርኩት እኔ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርጌ፣ ግዴታውን እንደተወጣ ሰው ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ቄስ ሞላ ከወይራው ሥር ጠበቁኝ። ስቶኪንጉን ሲያዩ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። «አይሆንም ልጄ፤ የሴት እግር ልብስ በደብሩ ዛፍ ላይ አይታሰርም።» ሌላ ማሰሪያ አልያዝኩም። ከረባቴን ፈታሁ። ድንጋይ ላይ ቆሜ ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ ጋር አሰርኳት።

«ይጠብቃል?» አሉኝ።

«ይጠብቃል አባቴ» አልኩ፤ በዕድሜው ጥጃ አስሮ የማያውቅ ሰው። ያን ለምለም የሥር ጫፍ አንድ ጊዜ ዳሰስኩና ተመለስኩ። ጽዋው በደስታ ተጠጣ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ባዶውን ሽቦ ሳላይ ከቤት አልወጣም ነበር።

ወር ከምናምን በኋላ በዚያው መንገድ ለመስክ ሥራ ሳልፍ ሾፌራችን እንደ ልማዱ ቆመ። ወርጄ ስቀርብ ያቺው ከረጢት ላይ ያቺው አበባ! ከጎኗ ከረባቴ ታጥባ፣ ታጥፋ፣ በፌስታል ተቀምጣለች። «አሁንስ እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው» አልኩ በልቤ።

እሳቸው ቀደሙኝ። «መጣህ ወንድም ዓለም? ስጠብቅህ ነበር። ነፋስ ጣላት። ይሄ ጨርቅህ ይሟልጫል፤ ዛፍ አያስርም። የወደቀ የድኻ ነው፣ ድሮም እንደዚያ ነው፤ ቄስ ሞላም አንሺያት አሉኝ።»

ከዚያ ፌስታሉን አነሡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ይሄን ግን አልሸጠውም። ባለቤቱን አውቀዋለሁ።»

በትራቸውን አየሁ። ያበጠ ጉልበታቸውን አየሁ። እኚህን ሴት ወይራ ላይ ሲወጡ ነበር በሐሳቤ የሳልኳቸው። ሃያ ዓመት ወሰን ስለካ የራሴን ወሰን ያን ያህል ርቄ ማለፌን አላወቅኩም ነበር። አፈርኩ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፤ «እርስዎ»ን ወደ ቦታዋ መልሼ።

«ለእግዜር ብዬ። ይልቅ ድንች ውሰድ» አሉኝ። አበባዪቱን በፍልጥ ላይ በቃጫ ገመድ ቋጠሩልኝ፤ ቋጠሮውን እስከ ዛሬ መፍታት አልቻልኩም። ስሳፈር «ተዋት» አሉኝ ደግመው። አሁን ሰማሁ።

ስመኝ በሩ ላይ አገኘችኝና አበባዪቱን አየች። «ከየት?»

«ከዚያችው ወይራ።»

«ማን ጣላት?»

«እኔ።» ነገሩን ሁሉ፣ የከረባቷንም፣ የስድቤንም አልደበቅኩም። «ታቦቱ ከመለሳት እኔ ማን ነኝ?» አለችና ሽቦውን አቀናች። በዚያው ምሽት ማንም ምንም እንዳይሰጣት ተማማልን።

በማግስቱ ወደ ሥራ ከወጣሁ በኋላ ስልኬን ረስቼ ተመለስኩ። ስመኝ በረንዳው ላይ፣ በአንድ እጇ የምስር እጣቢ ይዛ፣ በሌላው ቅጠሏን ቀና አድርጋ፣ በለሆሳስ ትናገራለች።

«ትንሽ ብቻ፣ አፈር ስሆን።»

ማሳል ነበረብኝ። ግን እስክትጨርስ ድረስ ከበሩ ኋላ ዝም ብዬ ቆምኩ፤ እኔም ጠዋት ስወጣ ትንሽ ሰጥቻት ነበር።