የሊቀ ደም ሻይ

ሯጭ ባለበት ሁሉ ደምን በዓይኑ የሚመረምር አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ የደብረ ብርሃኖቹ ጋሼ ወልደተንሣኤ ናቸው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አሥር ሺህ ሜትር ሮጠው አምስተኛ ወጥተዋል፤ ስለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። "ሊቀ ደም" ያልናቸው ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን ሹመቱን ሳያንገራግሩ ተቀበሉ።

በየማለዳው ቡድኑን ያሰልፋሉ። "ገልብጥ!" ሲሉ የታችኛውን የዓይን ቆባችንን ስበን እንቆማለን። "አንተ ገብስ ያንስሃል። አንቺ አምሽተሻል። ደም አይዋሽም!" እኔ ሰዓት ያዥ ነኝ፣ ሮጬም አላውቅ፤ እኔንም ይመረምራሉ። አንድ ጊዜማ የአንኮበርን አውቶቡስ አስቁመው የሾፌሩን ዓይን ገልብጠዋል።

ከሯጮቻችን አንዷ ሰናይት ግን የምር ደክማ ነበር። የአዲስ አበባ ክለብ ሯጭ ሊመርጥ አራት ወር ሲቀረው፣ ዳገት ላይ ከሁሉም ኋላ መቅረት ጀመረች። ለምኜ ደሟን አስመረመርኳት። የብረት ክምችቷ አሥራ አንድ፤ ለሯጭ እጅግ ዝቅተኛ። የብረት ክኒን ታዘዘላት። ጋሼ ወረቀቱን አይተው "እኔ ምን አልኩ!" አሉ። ምንም አላሉም ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ሦስታችንም ለድጋሚ ምርመራ ሄድን። አሁንም አሥራ አንድ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሜሮን ግራ ገባት።

"ክኒኑን በምንድን ነው የምትውጪው?"

"በሻይ።"

"ሻይ እኮ ብረቱን ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያግዳል! ማነው በሻይ ያለሽ?"

ሰናይት አቀረቀረች። እኔ ወደ ሊቀ ደም ዞርኩ።

"በዚህ ብርድ ክኒን በቀዝቃዛ ውኃ ይዋጣል?" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኗል። "ስኳሩንም የማበዛላት እኔው ነኝ።"

ሁለት ወር! ሰናይትን ይዤ ቀድሜያቸው ወደ ሰፈር ሄድኩ።

በማግስቱ ለክኒኑ ሙቅ ውኃና ሎሚ በፔርሙዝ ይዘው መጡ። ከዚያ የሰፈሩን ሻይ ቤት በር ያዙ፤ ሯጭ አይገባም። የሻይ ቤቱ ባለቤት ወርቄ "ኧረ ጋሼ፣ ገበያዬን ዘጉት እኮ!" ብትል የሚሰማት የለም። በቀን ስድስት ብርጭቆ ይጠጡ የነበሩት ሰውዬ፣ ራሳቸውም ሻይ አልቀመሱም። "እሷ እስክትድን" አሉኝ፤ እንደ ስለት።

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ውጤት መጣ፤ ሠላሳ አራት። የክለቡ ምርጫ እሑድ ነው፤ ሰናይት አሁን ዳገቱን ከፊት ሆና ትወጣለች። ጋሼ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ አጥፈው፣ በራሳቸው ደረት ኪስ ከተቱ።

"ጋሼ፣ የእኔ እኮ ነው!" አለች።

አልሰሟትም። ወርቄ ቤት ገብተው ሻይ አዘዙ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ። ሲገልጡ ወደ እኔ ዞሩ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳብኩላቸው።