የጋሽ ዱጉማ ደወል

እግዜር መሥሪያ ቤት ሲፈጥር አንድ «ተጠንቀቁ» ባይ አብሮ ይፈጥራል። ለእኛ ለቃሊቲዎቹ የደረሱን ሊቀ ጠንቃቃን፣ የዘይት ፋብሪካው የባትሪ ክፍል ኃላፊ ጋሽ ዱጉማ ነበሩ።

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣል። «አይታይ፣ አይሸት! ክብሪት ካገኘ ግን ይዟችሁ ነው የሚሄደው። ተጠንቀቁ ልጆቼ!» ይላሉ። ግድግዳው ላይ ጋዝ የምትጠቁም የጃፓን ሳጥን ነበረቻቸው። ስለ እሷ ሳይሰብኩ ሰላምታም አይሰጡም።

«ውስጧ የጋለ የቆርቆሮ ኦክሳይድ አለ፤ ላዩ ላይ የፓላዲየም ብናኝ ተነስንሶበታል። የአየሩ ኦክሲጅን ኦክሳይዱ ላይ ተለጥፎ ኤሌክትሪኩን አንቆ ይይዛል። ሃይድሮጅን ሲመጣ ብናኙ ይሰነጥቀዋል፤ ያ ደግሞ ኦክሲጅኑን ነጥቆ ውሃ ይሆናል። ያኔ ኤሌክትሪኩ ይፈታል፣ ደወሉ ይጮኻል። ገባህ?»

አልገባኝም ያለ፣ እንደገና ሲብራራለት ምሳው አለፈው።

ሳጥኗ አንድ አመል ነበረባት፤ የአረቄ ትንፋሽም ያስጮኻታል። አንድ ጠዋት ካድሬያችን ጓድ ተሰማ ሊያነቃን መጥቶ፣ ገና «ጓዶች» ሲል አንባረቀች። ደወል ከጮኸ ደግሞ የጋሽ ዱጉማ ሕግ ነው፤ ሁሉም ወጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ይቀመጣል። ጓድም ወጣ። ሳቃችንን አፍነን ልንሞት!

ቀይ ሽብር መጣ። አንድ ልጃቸውን ሁንዴን ገደሉባቸው። አስከሬን የለ፣ ድንኳን የለ፤ ያለቀሰ እሱም ፀረ አብዮት ነው። በማግሥቱ ሥራ ገቡ። ስንት ዓመት አብረን በልተን «እግዜር ያጥናዎት» ማለት አቃተን።

ክፍሉ ገብተው «እንዴት አደራችሁ» ሲሉ ሳጥኗ ጮኸች። ባትሪ ገና አልተሰካም፤ ጋዝ ከየት ይመጣል? አረቄ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው ሲጠጡ አድረዋል። ደንግጠው ሊያጠፏት እጃቸውን ሰደዱ።

«ጋዝ ነው! ውጡ!» አለች አሲድ የምትሞላው ሰኪና።

ወጣን። ግራሩ ሥር ከበናቸው ተቀመጥን። ጋሽ ዱጉማ ፊታቸውን በቱታቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ።

ጓድ ተሰማ መጣ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ጋዝ ነው፣ ጓድ» አልኩ።

አያቸው። ያቺ ሳጥን ለምን ለምን እንደምትጮኽ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። «አየሩ እስኪጠራ ቆዩ» ብሎ ሄደ።

ለቅሶ እስከ ሠልስት ነው። በማግሥቱ እኔ አንድ መለኪያ ጨልጬ ሳጥኗ ሥር ተነፈስኩ። በሠልስቱ ሰኪና፣ ለሷ ሐራም ነውና፣ አረቄ የነካ ጨርቅ በሁለት ጣቷ ይዛ አስጠጋችላት። ደወሉ ጮኸ፤ ወጣን።

ሐሰተኛ ደወል ነፍስ ያጠፋል እያሉ ስንት ዘመን የሰበኩን ጋሽ ዱጉማ፣ ግራሩ ሥር ሆነው በየተራ አዩን።

«ተጠንቀቁ ልጆቼ» አሉ።