ስለ አንዲት ድርጭት የእግር ውፍረት

የሰገነት ድርጭት አርቢዎች ማኅበር
የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ዕለት፦ የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ። ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ተጀመረ።

ቦታ፦ የሕንፃው ምድር ቤት፣ ቀድሞ የብስክሌት ማስቀመጫ የነበረው ክፍል። መስኮት የለውም።

የተገኙ፦
ሊቀመንበሩ (ግራ እግራቸው ትራስ ላይ፣ ትራሱ ሌላ ወንበር ላይ)
ጡረተኛዋ ነርስ፣ ምክትል
ልብስ ሰፊው፣ አባል
የሊፍት ጠጋኙ፣ አባል
ፀሐፊው፣ ያለ ድምፅ

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት። አንደኛው ምክንያቱን ልኳል። ሁለተኛው ምክንያት እንኳ አልላከም።

ከሰባት አምስት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ልብስ ሰፊው፣ ሊቀመንበሩ ሁለት ወንበር ስለያዙ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠሩ ብሏል። ሊቀመንበሩ ስለሣቁ ሌሎቹም ሣቁ።

በተጨማሪ የተገኘች፦ አንዲት ድርጭት፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ። ባለቤቷ የፀሐፊው እናት ናቸው። እናቱ ከአልጋ አይነሡም። ድርጭቷ ብርድ ልብሳቸው ላይ ስትራመድ ማየት የየዕለት ሥራቸው ነው። ዛሬ ፀሐፊው ካርቶኑን ይዞ ሲወጣ «እንደ ሁልጊዜው ጽፈህ ብቻ እንዳትመለስ» ብለውታል።

ለስብሰባው መጠራት ምክንያት፦ የእንስሳት ክሊኒኩ የማኅበሩን ድርጭቶች የሚቀበለው በሽታውንና መንስኤውን የሚገልጽ፣ የተፈረመበት ቃለ ጉባኤ ሲቀርብለት ብቻ ነው። ቅዳሜ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። እሑድና ሰኞ አይሠራም።

1. የበሽታው ስም

ምክትሏ ካርቶኑን ከፍተው የሁለቱም እግሮች መገጣጠሚያ እንደ ሽምብራ ማበጡን፣ ሲነካም መጋሉን አሳይተዋል። ወፏ ከሐሙስ ጀምሮ በደረቷ እንደምትሳብ ገልጸው፣ «ይሄ ሪህ ነው። ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም» ብለዋል።

ሊቀመንበሩ፦ «ሪህ? ለዚች ጭብጥ ለማትሞላ? ሪህ የሰው በሽታ ነው እኮ ሲስተር፤ ያውም የተከበረ ሰው። እኔን ሃያ ዓመት ሲያሠቃየኝ ኖሮ፣ አሁን ወፍ ደርሳ ልትካፈለኝ ነው?»

ምክትሏ መገጣጠሚያ ያለው ሁሉ ሪህ ሊይዘው እንደሚችል አስረድተዋል። ልብስ ሰፊው ጉዳዩ የክብር ጉዳይ መሆኑን አስረድቷል። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። አልተመዘገበም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሪህ የሚለው ቃል በወፍ ላይ እንዳይውልና ሕመሙ «የእግር ውፍረት» እንዲባል በሦስት ለአንድ ተወሰነ።

2. መንስኤው

ምክትሏ በግድግዳው ላይ በባለ መስታወት ፍሬም ተሰቅሎ ወደሚገኘው የማኅበሩ የመኖ ቀመር አመልክተዋል። ቀመሩን ያወጡት ሊቀመንበሩ ናቸው። ሲሶው የዓሣ ዱቄት ነው። የተቀቀለ እንቁላል በየቀኑ። ስለ ውሃ የተጻፈ ነገር የለም።

ምክትሏ፦ «ኩላሊቷ ይህን ሁሉ ከየት ይችለዋል? ያልወጣው ቆሻሻ መገጣጠሚያዋ ላይ እንደ ኖራ ተጋገረ። ሌላ ምሥጢር የለውም።»

ሊቀመንበሩ፦ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ የዓሣውን ዱቄት ተዪው።»

ልብስ ሰፊው ለሊቀመንበሩ በመቆርቆር፣ «ጋሼ እኮ ራሳቸው የሚበሉትን ነው ለወፎቻችን ያካፈሉት!» ብሏል።

ምክትሏ፦ «እኔስ ምን አልኩ?»

ሁሉም ወደ ትራሱ ተመለከተ። ከዚያ ሁሉም ወደ ግድግዳው። የሊፍት ጠጋኙ ስለ አየሩ አንድ ነገር ተናገረ፤ ክፍሉ መስኮት እንደሌለው ከላይ ተመልክቷል።

ምክትሏ ወደ ፀሐፊው ዞረው፣ «የእናትህ ወፍ ናት እኮ። አፍህን ማን ለጎመው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ፣ በደንቡ መሠረት ፀሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም ብለዋል። ፀሐፊው በልቡ ደንቡን አመሰገነ። ቃለ ጉባኤው በንጹሕ ሲገለበጥ ይህ ዐረፍተ ነገር ይሰረዛል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መንስኤው የባለቤቷ ከልክ ያለፈ እንክብካቤ፣ በተለይም ወፏ አልጋ ላይ እንድትራመድ መፍቀዳቸው እንደሆነ በሦስት ለአንድ ተወሰነ። ፀሐፊው ይህን ስለ እናቱ ጻፈ። ብዕሩ አልተደናቀፈም። ይህ ራሱ አስደነገጠው።

3. ሕክምናው

የሊፍት ጠጋኙ፦ «መገጣጠሚያ ከተንቋቋ ግሪስ አንሶታል። የስድስተኛ ፎቁን ሊፍት ያዳንኩት በዚሁ ነው።»

ምክትሏ፦ «የስድስተኛ ፎቁ ሊፍት ዛሬም አራተኛ ላይ ነው የሚቆመው።»

ልብስ ሰፊው ከተራፊ ጨርቅ ካልሲ እሰፋላታለሁ ብሏል። ስፌቱ ባለ ሦስት ጣት ይሁን ባለ አራት የሚለው ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ካርቶኑ ሁለት ጊዜ ተከፈተ። ጣቶቿ ተቆጠሩ። አራት ናቸው፤ ሦስት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ልብስ ሰፊው የኋላው ለካልሲ ጉዳይ አይቆጠርም የሚል አቋሙን አልለወጠም።

ምክትሏ ንጹሕ ውሃ በብዛት እንዲቀርብላት፣ የዓሣ ዱቄቱና እንቁላሉ እንዲቆም፣ ቅጠል እንዲጨመር፣ ከሥሯ ለስላሳ ድርቆሽ እንዲነጠፍና መድኃኒቱን ሐኪም እንዲመጥን ጠይቀዋል። ሐሳቡ ቀላል ሆኖ በመገኘቱ ደጋፊ አላገኘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ለሙከራ ቀኝ እግሯ ግሪስ፣ ግራ እግሯ ካልሲ እንዲደረግለት፣ ውጤቱም በሠላሳ ቀን እንዲገመገም ተወሰነ። ምክትሏ «በሠላሳ ቀን የምትገመግሙት ላባ ነው» ብለዋል።

በዚሁ ጊዜ የሊፍት ጠጋኙ ግሪሱን ከቦርሳው ለማውጣት ሲያጎነብስ ክርኑ ትራሱን መታ።

ሊቀመንበሩ፦ «ውይ! ውይ ሪሄን!»

ምክትሏ፦ «የእግር ውፍረት ነው የሚባለው ጋሼ፤ ወስነናል።»

ቀጥለው ግን ትራሱን አስተካከሉላቸው፣ ውሃም ሰጧቸው፣ ዓሣውንም እንዲተዉ መከሯቸው። ሊቀመንበሩ እንደ ሕፃን እሺ አሉ። ሁለቱ አባላት ደግፈው ወደ ቤታቸው ሊወስዷቸው ተነሡ። ቃለ ጉባኤው ስላላለቀ ፀሐፊው በምልክት ወረቀቱን አሳየ። ልብስ ሰፊው «አንብበን ፈርመን እናውቃለን እንዴ? ሙላው በቃ!» ብሎ ከባዶው ገጽ ግርጌ ፈረመ። የሊፍት ጠጋኙ ፈረመ። ሊቀመንበሩ እያቃሰቱ ፈረሙ።

ምክትሏ በመጨረሻ ፈርመው፣ «በዕድሜዬ ባዶ ወረቀት ላይ ስፈርም ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ፀሐፊውን አዩት። «አደራ።» ወጡ።

4. ልዩ ልዩ

ክፍሉ ውስጥ የቀሩት አምፖሉ፣ ወንበሮቹ፣ ካርቶኑ። ፀሐፊው ክዳኑን አነሣ። አንድ ዓይን ወደ እሱ ዞረ። በብዕሩ ክዳን ውሃ አቀረበላት፤ ጠጣች። ሁለተኛ አቀረበላት፤ ጠጣች። ለአሥራ አንድ ዓመት ሌሎች ያሉትን ጽፏል። ብዕሩን አነሣ።

ከረጅም ውይይት በኋላ (ፀሐፊው ከራሱ ጋር፣ ሰባት ደቂቃ) የሚከተለው ተወሰነ፦ ከላይ በተራ ቁጥር 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። በሽታው ሪህ ነው። መንስኤው በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀመር ነው። እናቴ ምንም አላጠፉም። ድርጭቷን ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ተቃዋሚ አልነበረም።

ስብሰባው በአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ተዘጋ። ክሊኒኩ ድረስ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው።